የአባ ገብረ ሚካኤል ዓይን

ሰኔ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ስርጉት ሥዕሉን ግድግዳው ላይ እየሰቀለች ሳለ ማናለሽ የወንድሟን ልጅ እጅ ይዛ ከደጃፉ ደረሰች። ልጅቷ ሀይማኖት ትባላለች። ዕድሜዋ ገና ሰባት ነው፤ ነጠላዋን ግን እንደ ባልቴት ተከናንባ የፊቷን ግራ ጎን እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች።

ማናለሽ ስርጉትን ወደ ውጭ ጠርታ በሹክሹክታ ነገረቻት። ባለፈው ቡሄ፣ ቢቸና እናት አባቷ ቤት፣ የልጅቷ ታላቅ ወንድም ጅራፍ ስቶ ግራ ዓይኗን መታው። ዓይኑ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ትምህርቷንም ጨዋታዋንም ትታ ቤት ተቀመጠች። ማናለሽ ወደ ሞጣ ያመጣቻት፣ የሚያውቃት ሰው ከሌለበት ትንሽ ትለምድ እንደሆነ ብላ ነው።

«ዛሬም በስንት ልመና ነው የመጣችው። የዓይን ነገር ከተነሳባት ዳግመኛ ከቤት አትወጣም፣ እትዬ።»

ስርጉት አይነሳም ብላ ቃል ሰጠች። የሰቀለችው ሥዕል የማን እንደሆነ ትዝ ያላት ቃሏን ከሰጠች በኋላ ነው።

ስርጉት ልብስ ሰፊ ናት። ሞጣ ውስጥ ያሉት ካቶሊኮች በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው፤ ቄስ የሚመጣላቸውም ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ትገፋና ልጆቹን ሰብስባ የቅዱሳንን ሕይወት ትነግራቸዋለች። የዛሬው ተራ የአባ ገብረ ሚካኤል ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ በልጅነቱ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሥዕል ግን ሁለቱንም ዓይን አሟልቶ ሰጥቶታል፤ ስርጉትም በልቧ ሠዓሊውን አመሰገነችው።

ታሪኩን ዓይኑን ዘላ ተረከችው። የእኛው አገር ሰው ነው አለቻቸው፤ ከመርጡለ ማርያም አጠገብ፣ ከዲቦ። ቅኔ ተማረ፣ መነኮሰ፣ እውነትን ፍለጋ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደ፣ በመጨረሻም ስለ እምነቱ በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ከዚህ ሰው ለራሳችሁ ምን ትወስዳላችሁ ብላ ጠየቀች።

ከሁሉ የሚያንሰው አንዷለም ቀደመ። «ሰንሰለቱን። ለውሻችን።»

ልጆቹ ሳቁ። ከነጠላው ሥር ሀይማኖትም ትንሽ የሳቀች መሰለ። ማናለሽ ከደጃፉ ሆና ትንፋሿን ለቀቀች።

ከልጆቹ አንዱ፣ እንዳለው፣ ግን አልሳቀም። ነገር የማያልፈው ልጅ ነው። «እትዬ፣ ዓይኑን ዘለሉት። አምና አንድ ዓይና ነበር ብለውን ነበር።» ስርጉት አፏን ሳትከፍት ቀጠለ። «እኔ መጀመሪያውንም አላመንኩም። ደብረ ወርቅ አያቴ ጋ ስሄድ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል አይቻለሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው። ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን የሚሳሉት ይሁዳና ሰይጣን ናቸው።»

ማናለሽ ልጅቷን ይዛ ለመውጣት ተነሣች።

«ቢቸናም እንደዚያው ነው» አለች ሀይማኖት። ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። «እኔም አይቻለሁ።»

ስርጉት ያኔ ገባት። ልጅቷን ቤት ያስቀመጣት ሕመሙ አልነበረም፤ የልጆች ስድብም አልነበረም። ይህች ሕፃን ዓመቱን ሙሉ ራሷን ከይሁዳ ጋር አሰልፋ ነው የኖረችው። ስርጉት ለማናለሽ የሰጠችውን ቃል አሰበች። አሰበችና ተወችው።

«እንዳለው እውነቱን ነው» አለች። «አባ ገብረ ሚካኤል አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

ሀይማኖት ወደ ሥዕሉ ቀና አለች። «ታዲያ ለምን ሁለት አደረጉለት?»

«ሠዓሊው አፍሮለት ይሆናል።»

«እሱስ ያፍር ነበር?»

«ሲያፍር አልሰማሁም።»

«የቱ ዓይኑ ነው?»

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ተነሥታ በልጆቹ መሐል አልፋ ሥዕሉ ሥር ቆመች፤ እጇን ብትዘረጋ ግን አልደረሰችበትም። ስርጉት ከሚስማሩ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አቆመችላት። ሀይማኖት የስፌት መኪናው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አነሣች። «ልዝጋው?»

ስርጉት ራሷን ነቅንቃ እሺ አለቻት። ልጅቷ በአንድ እጇ የፊቷን ግራ ጎን ዳበሰች። ነጠላው ከራሷ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ከዚያ የጻድቁን ግራ ዓይን ቀስ ብላ፣ እንደሚያመው ሰው እየተጠነቀቀች፣ ከላይ ወደ ታች ከደነችው። ሌላው ዓይን እንደ በፊቱ ፊት ለፊት ያያል። እንዲያውም ስርጉት ያን ሥዕል ስንት ዓመት ስታየው እንደዚያ ቀን አይቷት አያውቅም።

ሀይማኖት ወደ ልጆቹ ዞረች። ጠባሳዋ በደጃፉ ብርሃን ላይ ወጣ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ፊቱን አላዞረም። ያ ለውሻው ሰንሰለት የተመኘው አንዷለም ከመደቡ ወርዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርገው፣ አማተበ። ወደ ሥዕሉ ይሁን ወደ እሷ፣ ስርጉት መለየት አልቻለችም።

ስርጉት በተከታዩ ዓመት፣ በኅዳር ወር አረፈች። አስከሬኗ ሲወጣ ሥዕሉን ይዛ ከፊት የሄደችው ሀይማኖት ነበረች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።