የበሩ ልምምድ

የድሮውን የደም መጣጭ ልብወለድ፣ ግንቡን አፓርታማ፣ ሠረገላውን ታክሲ አድርጋ ለቴሌቪዥን የጻፈችው እሷ ናት። አንዱን ሕግ ግን አልነካችውም፤ የቤቱ እመቤት «ግባ» ካላለችው ደም መጣጩ ደጃፉን አያልፍም።

የድራማው አዘጋጅ፣ ከእሷ ጋር አንድ ጡት የጠባ ታናሽ ወንድሟ፣ ልምምዱን በእሷው ቤት አደረገው። በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል። በሩ ሲንኳኳ፣ «በይ እህቴ፣ ቃሉን በይ» አላት።

«ግባ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለች እየሳቀች።

ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ ደም መጣጩን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም። ከኋላዋ የበሩ እጀታ ተንቋቋ።

«እኔማ ጠርቼው ነበር» አላት። «እመቤቲቱ ካልጠራችኝ አልገባም አለኝ።»