ጭስ ለኪዎቹ የመጡ ቀን

ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰልጣኟ የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ወጥታ ብናኙን ለካች። የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር፤ ከወደቀች የምስክር ወረቀት የለም። ጭሱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አሰልጣኟ ጋሽ ጉልላት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አንቺ ልጅ፣ አልፈሻል» አሏት።

እየፈነደቀች ስትወርድ ከአጥሩ ማዶ ያለው መንደር በተሰጣ ነጭ ልብስ ተሸፍኗል።

«እማማ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለቻቸው አንዲት ልብስ የሚያሰጡ እናት ዘንድ ቀርባ።

«በዓሉማ እናንተ ናችሁ የኔ ልጅ። መኪናችሁ ሲመጣ ጭሱን ይቀንሱታል፤ እኛም ነጭ ነጩን እናጥባለን። ምነው በየሳምንቱ በመጣችሁ።»

ልጅቷ ሄዳ ለጋሽ ጉልላት ነገረቻቸው። ፈተናውን ሰረዙባት። በሳምንቱ ለማንም ሳይናገሩ በባጃጅ ይዘዋት መጥተው አስደገሟት፤ ያን ቀን ፋብሪካው ወደቀ፣ እሷ አለፈች።