ኪስ የሌለው ጋዋን

ዴዝመንድ ክላፍ የማይሰርቅ ሠራተኛ አለ ቢሉት አያምንም፤ ያልተያዘ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር፣ በማብልቶርፕ ከተማ ባሕር ዳርቻ ባለው የቁማር ማሽን ቤቱ የሚሠራ ሁሉ ኪሱ ተሰፍቶ የተዘጋ አረንጓዴ ጋዋን ይለብሳል፤ ሲወጣም ይፈተሻል። እሱ ራሱ ሠራተኞቹን ድንገት ለመያዝ ሲል በኋላ በር ይገባል፣ በኋላ በር ይወጣል። የፊቱን በር ከረገጠ ዓመት አልፎታል።

ሕንፃው የወይዘሮ ሆብሰን ነው፤ ማሽኖቹም የኪራይ ናቸው። የእኔ የሚለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ብቻ ነው።

በዚያ ጸደይ ዓይኑን የጣለው ሠራተኛው ግሌኒስ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በቦታዋ የእህቱን ልጅ ሊያስገባ አስቧል፤ ግን እንዲሁ ቢያሰናብታት የአሥራ አንድ ዓመት ካሳ ሊከፍል ነው። ሌባ ሆና ከተያዘች አምስት ሳንቲም አያወጣም። እንግዲህ ሌባ መሆን አለባት።

ጓዳው ውስጥ ካሜራው የሚያየውን በሚያሳየው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ይከታተላት ጀመር። እሷም ጠዋት ጠዋት ሻይ ታመጣለታለች።

«ሚስተር ክላፍ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጥቷል» አለችው አንድ ቀን። «ሦስተኛው ነው።»

«አስቀምጪው። ይልቅ ጋዋንሽን ገልብጪና አሳዪኝ።»

ገልብጣ አሳየችው። እሱ ኩባያውን ፖስታው ላይ አሳረፈ፤ ከሥሩ ሌሎች ሁለት ነበሩ። ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ይጠነቀቃል።

የሚያስጠረጥር ነገር አልጠፋም። ወይዘሮ ሆብሰን በየቀኑ እየመጡ አንዱ ማሽን ላይ ይቀመጡና ከግሌኒስ ጋር ይንሾካሾካሉ። ሳንቲሙ የሚወጣው በአሮጊቷ ቦርሳ ነው ብሎ ደመደመ፤ አንድ ቀን ከማሽኑ ሲነሱ አስቁሞ በረበራቸው። ያገኘው ክርና ከረሜላ ነው። ወይዘሮ ሆብሰን ከረሜላቸውን ለቅመው፣ ይህችን አልረሳትም ብለውት ወጡ።

ሌላም አለ። ግሌኒስ የፊቱ መስኮት ላይ ሰማያዊ ወረቀት ለጥፋ በየጠዋቱ መስታወቱን ትወለውላለች። መንገደኛ ቆሞ ያነባል። ለእሱ በካሜራ የሚታየው የወረቀቱ ጀርባ ነው። ያው ሕፃናት አይገቡም የሚለው ይሆናል ብሎ ተወው።

ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የድንች ጥብሷን አጠገቧ አስቀምጣ የአንድ ሰፊ የወንድ ጋዋን ኪስ ሰፍታ ስትዘጋ ደረሰባት።

«ለማን ነው?»

«ለበጋው አዲስ ሠራተኛ አይቀርም ብዬ ነው።»

የእህቱን ልጅ ነገር ሰምታለች ማለት ነው። ግን ልጁ ክር የሚያህል ቀጭን ነው፤ ይህ ጋዋን ሁለቴ ይጠመጠምበታል። ዴዝመንድ ሆዱን እያሻሸ ሳቀባት።

«ስፌቱን አጥብቂው» አላት።

ሰኞ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰውዬ በፊት በር ገባ። ዴዝመንድ ደስ ብሎት ከጓዳ ወጣ።

«ደህና መጡ፤ ምስክር ይሆኑኛል። ይቺ ሴትዮ ትሰርቀኛለች።»

«ምን ስትወስድ አገኟት?»

«እስካሁን ምንም።»

ሰውዬው የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ ትናንት አብቅቷል፤ አድስ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጽፎለታል። ዴዝመንድ ጓዳ ሮጦ ኩባያውን አነሳ። ሦስቱም ፖስታዎች ላይ ክብ የሻይ እድፍ አለ። ተመልሶ፣ አሁኑኑ ከፍዬ አሳድሳለሁ አለ።

«የቤቱ ፈቃድ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል እኮ» አለ ሰውዬው። «የሕንፃው ባለቤትም ፈርመዋል። የሚቃወም ይቅረብ ተብሎ ማስታወቂያው ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ መስኮትዎ ላይ ተለጥፎ ነበር። የመጣ የለም።»

«የማን ስም ነው ያለበት?»

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየው። «የራስዎን መስኮት አላነበቡም?»

ግሌኒስ ሰፊውን ጋዋን አራግፋ ዘረጋችለት። «ና እስቲ ለካው ዴዝመንድ፤ ስፌቱን አጥብቄልሃለሁ።»