የራሴን ሕልም አወጣሁ

ትራሳችን ያየነውን ሕልም ሁሉ ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት መላክ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን የራሴን ሕልም ከመዝገቡ ላይ ለማየት የመታወቂያ ቁጥሬን አንድ አሃዝ ተሳስቼ ብጽፍ የጎረቤቴ ሕልም ተከፈተልኝ። ክፍተቱን እንዲደፍኑት ለመሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ አመለከትሁ፤ ሦስቴም "ነገ ነይ" አሉኝ።

ጉዳዩን ለሕዝብ ላወጣው ስል ማስረጃ አስፈለገኝ። የሰው ሕልም ደግሞ አደባባይ ላይ አይሰጣም። ስለዚህ የራሴን አወጣሁ፤ በደመና ላይ፣ በታንኳ፣ ከሟቹ የመጀመሪያ ባሌ ጋር እየሳቅሁ ስንሳፈፍ ያየሁትን።

መዝገቡ በማግሥቱ ተቆለፈ።

የአሁኑ ባሌ መክብብ ጠዋት ጠዋት ሕልሜን ስነግረው "ለደግ ያድርግልሽ" ይለኝ ነበር። ያንን ግን ነግሬው አላውቅም። ዛሬ ሻዬን አቀበለኝ።

"ከእኔ ጋር እንዲህ ስቀሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ሕልም እኮ ነው" አልሁት።

ትራሱን አቅፎ ወደ ሳሎን ወጣ።