ከማርሹ ሥር ያለው ሳጥን

ሽማግሌው መካኒክ የልጃቸውን መኪና በጭነት መኪና አስጭነው አንድ ጋራዥ በር ላይ አወረዷት። መኪና ከተባለች። ፊቷ ተጨማዶ መብራቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቋል። ልጃቸው ከሞተች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ ሲነዳ የነበረው ባሏ ግን አንገቱ ላይ ካለው ፋሻ በቀር ደህና ነው።

«ቴስተር» የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሻን እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?»

«ግጭቱን የሚመዘግበውን ኮምፒውተር ፈልግልኝ። ከሱ የሚወጣውን ወረቀት ለዳኛው ሰጥቼ የልጅ ልጄን ከዚህ ሰውዬ እጅ አወጣታለሁ።»

ሰውዬው አማቻቸው ነው፤ እዚያው አጠገባቸው ቆሟል። ለፖሊስ «እንቅልፍ ጣለኝ፣ ፍሬን አልያዝኩም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ እኮ። ሕፃኗም እርስዎ ጋ ትሁን። ይሄን ነገር ግን ይተዉት፣ በሞቴ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዛሬ ያመንከውን ነገ ፍርድ ቤት ትክደዋለህ። ወረቀት አይክድም።»

እንደ ልጃቸው ይወዱት ነበር፤ አንጀታቸውን የሚያሳርራቸውም ይኸው ነው። ጠጥቶ ይሆናል። ወይ ስልኩን ሲጎረጉር።

ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱ። ልጃቸው መንገድ ስትወጣ ሌላ መካኒክ መኪናዋን ነክቶላት አያውቅም። አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋትም የፍሬኑን ሸራ ሲቀይሩላት፣ ቦርሳዋን አንግታ «አባዬ፣ በቃህ፣ ረፈደብን!» እያለች ታስቸኩላቸው ነበር። ጉንጫቸውን ስማ ሄደች።

ባትሪው አጠገብ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ነኩ። «ይቺ ናት?»

«እሷ የሞተሩ ናት፣ ጋሼ።»

«ከመሪው ሥር ያለችውስ?»

«የበርና የመብራት። የዘንድሮ መኪና እኮ እንደ መሥሪያ ቤት ነው፤ በየጥጉ አንድ ኃላፊ ተቀምጧል።»

ማንም አልሳቀም። ቴስተርም አፍሮ ወንበሩን ፈታ፣ የማርሹን ሽፋን አነሳ። እጁን አስገብቶ ወለሉ ላይ የታሰረች የመዳፍ ያህል ሳጥን አገኘ።

«መኪናው በየትም ቢመታ እሷ እንድትተርፍ ነው መሃል ያደረጓት» አለ።

«እኔን! ለቆርቆሮ ያሰቡትን ያህል ለልጄ ማን አሰበላት?» ሽማግሌው እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

ቴስተር ሳጥኗን ከላፕቶፑ ጋር ሲያገናኝ አማቹ ክንዱን ያዘው።

«ወንድሜ፣ ተበላሽታለች በላቸው። እግርህ ላይ ልውደቅ።»

ሽማግሌው ሰሙ። ደማቸው ፈላ።

«አያችሁ? አያችሁልኝ? እየው፣ ሲንቀጠቀጥ! የልጄን ደም ደብቀህ ልትኖር ነው? አንብብ አንተ! ጮክ ብለህ አንብብ፣ እሱም ይስማው!»

ቴስተር አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀና ብሎ አማቹን አየው፤ አማቹ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

«ከግጭቱ በፊት ያለውን አምስት ሴኮንድ ነው የያዘችው፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «አምስቱንም ሴኮንድ ፍሬኑ ተረግጧል፤ ፍጥነቱ ግን አልቀነሰም።»