የሜስኪቱ ጦር

ጥዑመልሳን አማቱን ይንቃቸው ነበር። አማቱም ይንቁታል፤ ልዩነቱ እሳቸው አለመደበቃቸው ነው።

አቶ ወልደ ሥላሴ ከቡልጋ ወደ አሜሪካዋ ሜስኪት ከተማ የመጡት አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ሊደረግ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ጥዑመልሳን ሻንጣቸውን ኤርፖርት ሲያነሳ ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ።

«ምን ጭነው ነው አባባ? ድንጋይ?»

«ዕቃዬ ነው።»

ከቤቱ ጀርባ ጥቁር መረሬ አፈር ያለው ባዶ ሜዳ አለ። የሜዳው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ለሁለቱም ፈቅዶላቸዋል፤ ለአማትየው ከአጥሩ ሥር ጎመን እንዲተክሉ፣ ለጥዑመልሳን ደግሞ በብረት መፈለጊያ መሣሪያው ያረጀ ሳንቲምና የድሮ ዕቃ እንዲያስስ። ጥዑመልሳን አካፋ ልግዛልዎት ሲላቸው «አለኝ» አሉት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥዑመልሳን ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሜዳውን ይዞራል። እሳቸው ከሚቆፍሩት የጎመን መደብ ቀና ይላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ምን አመረትክ?»

«ሳንቲም። የ1919።»

«ይበቅላል?»

ጥዑመልሳን ጥርሱን ይነክሳል። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ፣ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ገጠርን የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ባላገር ሲስቅበት መስማት ያንገበግበዋል። አንድ ቀን፣ አንድ ትልቅ ነገር አውጥቶ አፋቸውን ማዘጋት ነበር ምኞቱ።

በሚያዝያ አራት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ሲያባራ ጥዑመልሳን አንድ ነገር ልብ አለ። አማቱ ቁፋሯቸውን ትተዋል፤ መደቡ ግማሹ ብቻ ተገልብጦ ቀርቷል። ጫፉ የተጠረበ ረጅም እንጨት ይዘው፣ አቀርቅረው፣ ጭቃውን በእግራቸው እየደባበሱ ይዞራሉ። እሱን ሲያዩ ምንም እንዳልሠሩ ወደ ቤት ይገባሉ።

«አየሽ?» አላት ሚስቱን ዕፀገነትን። «ሲስቁብኝ ከርመው ራሳቸው ወርቅ ፍለጋ ወጡ። በዱላ!»

«ተዋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ማለቴ፣ መሣሪያዬን አውሰኝ ቢሉኝ ምን ነበር?»

«አባባ? አንተን ሊለምኑ?» አለችና ሳቀች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መሣሪያው ከዚያ በፊት ጮኾ የማያውቀውን ያህል ጮኸ። አንድ ስንዝር ሲቆፍር ጭቃ የለበሰ ከባድ ብረት አገኘ። ጫፉ ሹል ነው፤ የኋላው ክፍት፣ ልክ እንደ ጦር ዘንግ የሚሰካበት። አንድ ጎኑ ተሸርፏል።

ቀና ሲል አማቱ አጥሩ ሥር ቆመው ያዩታል። ብረቱን ቶሎ ብሎ በፎጣ ጠቀለለው።

«ብረት ነው?» አሉት።

«ታሪክ ነው አባባ። እርስዎን አይመለከትም።»

«እስቲ አሳየኝ።»

«ኖ። ከፈለጉ የድሮ ዕቃ ፈላጊዎች ክለባችን ኤግዚቢሽን ላይ ያዩታል።»

መኪናው ኋላ ከቶ ሎክ አደረገው።

የፈላጊዎቹ ክለብ ሊቀመንበር ብረቱን በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየ። «የስፔን ወታደር ጦር» አለ። «ቢያንስ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት። ይኼ ሽራፊ ደግሞ አጥንት ሲመታ የወጣ ነው።» ጥዑመልሳን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን ቀና አድርጎ ሄደ።

አማትየው ግን መኪናዋን መዞር ጀመሩ። አንድ ማለዳ የኋላ ክዳኑን ሲነካኩ ያዛቸው።

«አባትሽ ሌባ ናቸው» አላት ዕፀገነትን። እሷም ሦስት ቀን ዘጋችው።

ኤግዚቢሽኑ ግሬፕቫይን በምትባል ቅርብ ከተማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። አቶ ወልደ ሥላሴ ማንም ሳይጋብዛቸው ካፖርታቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ጥዑመልሳን ዝም አላቸው። ሰው ሲያጨበጭብለት ይዩ ብሎ ነው።

ብረቱ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ሊቀመንበሩ ስለ ስፔኖች ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጥዑመልሳንን ወደ መድረክ ጠርቶ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ሪባን ለጠፈለት። ጋዜጠኛ ፎቶ አነሳው። ጭብጨባው ሲያበቃ አማትየው ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወደ ሣጥኑ ቀረቡ። ጥዑመልሳን ከመድረኩ ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«እንዳይነኩት!»

አልነኩትም። ጎንበስ ብለው ሽራፊውን አዩ። ቀስ ብለው ቀና አሉና፣ አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉለት።

«ሲጨርሱ ማረሻዬን ይስጡኝ በላቸው፤ መደቤ ሳይዘራ ዝናቡ ሊያልፍብኝ ነው።»