በር ላይ የተሰቀለው መዝገብ

የአእምሮ ሕሙማን እየተደገፉ በሚኖሩበት ቤት፣ እህትየው በወንድሟ በር ላይ የተሰቀለውን የክትትል መዝገብ ገለጠች። «መድኃኒቱን ወስዷል፤ ከተንከባካቢው ጋር ተጫውቷል፤ ወጣ ብሎ ተናፍሷል» ይላል በየቀኑ። የወንድሟ ጫማ ግን አልጋው ሥር ሳይነካ ከርሞ አቧራ ለብሷል። የእጅ ጽሑፉን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ የምትሞላው?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ እታለም። አለቃቸው ከሚቆጣቸው ብዬ ነው።»

ደሟ ፈላ። ሠራተኞቹን ልክ ልካቸውን ልትነግራቸው መዝገቡን ከምስማሩ ስታወርድ «ጠያቂ» የሚለውን ረድፍ አየች። እስከ ዛሬ አምስት ወር ሙሉ ይህን ደጅ አልረገጠችም ነበር። በየእሑዱ ግን፣ በዚያው በሚያምር ጽሑፍ፣ «እህቱ መጥታ አብራው ዋለች» ይላል።

መዝገቡን ቀስ ብላ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።